የአባቴ መርሳት ለእኔም ይተርፈኛልን?
በዘር ስለሚተላለፍ የመርሳት ሕመምና ስለ ዘር ምክር
(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ቀርቦ ለአንባብያን የተዘጋጀ)

  

የዛሬው ርዕሳችን የአንድ ወንድም ጥያቄ ያስነሳው ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ሰዉ እስኪወጣ ጠብቆ አጠገቤ ተቀመጠና «ኡስታዝ፣ የምነግርዎት ነገር እርስዎ ጋር ይቅር» አለኝ። ነገሩን አውርተን ስንጨርስ ግን «ስሜንና ሰፈሬን ሳይጠቅሱ ቢያስተምሩበት ሌላውም ሰው ይጠቀማል» ብሎ ፈቀደልኝ።

አባቱ ነጋዴ ናቸው። ሒሳብ በቃላቸው የሚይዙ፣ የማንንም ብድር ሳይጽፉ የሚያስታውሱ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ 50 ሲጠጋ መልስ ማሳሳት፣ አንድ ነገር ደጋግሞ መጠየቅ፣ ሰግደው ሳለ «አልሰገድኩም» ብለው እንደገና መነሳት ጀመሩ። አንድ ቀን ደግሞ ሃያ ዓመት ከተመላለሱበት መስጊድ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ጠፋባቸው። ቤተሰቡ «ሲሕር ተደርጎባቸው ነው» ብሎ ከቦታ ቦታ ይዟቸው ዞረ፤ ገንዘቡም ጊዜውም አለቀ። በዚህ መሐል ለእህቱ የመጡ ሽማግሌዎች «በዘራቸው አለ ይባላል» የሚል ወሬ ሰምተው በዚያው ቀሩ። አሜሪካ የሚኖረው የአጎቱ ልጅም በምራቅ የሚሠራ ምርመራ አድርጎ «የመርሳት ዘር ተገኘብኝ» ብሎ እያለቀሰ ደወለ።

ወንድማችን የጠየቀኝ ሦስት ነገር ነው። ይህ ሕመም በዘር ይወረሳልን? እኔስ ልመርመር ወይስ ልተወው? እህቴን ለሚጠይቅ ሰውስ ምን ልበል?

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ኮሌጅ ሳለሁ የቀመስኳት ባዮሎጂም ትንሽ ናት። የማያውቅ ሰው የሚያውቁትን እንዲጠይቅ ታዟልና ሐኪሞችን ጠየቅኩ፤ የተጻፈውንም አነበብኩ። የተረዳሁትን በቤታችን ቋንቋ ላካፍላችሁ።

መጃጀት ወይስ ሕመም?

በእኛ ዘንድ ሰው ሲረሳ «ጃጅቷል» ይባልና ነገሩ በዚያው ያበቃል። በእርግጥ ዕድሜ ሲገፋ የሰው ስም ቶሎ አለመምጣት፣ ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት ያለ ነው። የመርሳት ሕመም፣ ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት ግን ከዚህ የተለየ ነው። የማስታወስ፣ የማመዛዘን ወይም የመናገር ችሎታን ቀስ በቀስ እየሸረሸረ ሰውየው የዕለት ኑሮውን ብቻውን መምራት እስኪያቅተው ያደርሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ከ60 በመቶ የሚበልጡት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች የሚኖሩ ናቸው።

ዲሜንሺያ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ከመቶ ታማሚዎች ከ60 እስከ 70 የሚሆኑት አልዛይመር የሚባለው ዓይነት አለባቸው። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1906 ሕመሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ለባልደረቦቹ ካስረዳው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። የአንጎል የደም ሥሮች በመጎዳታቸው የሚመጣም አለ። ሌላ ዓይነት ደግሞ የአንጎልን የፊትና የጎን ክፍል የሚያጠቃ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በመርሳት ሳይሆን በጠባይ ለውጥ ነው። ጨዋ የነበረው ሰው በአደባባይ ይሳደባል፤ ቆጣቢው ገንዘብ ይበትናል፤ ዓይነ አፋሩ ሐፍረቱን ያጣል። ስንቱ በዚህ ሕመም የተያዘ አባት «ዲኑን ጣለ፣ ጠባዩ ተበላሸ» ተብሎ ተወቅሶ ይሆን!

ወደ ዘር ጉዳይ ከመግባታችን በፊት አንድ አስቸኳይ ነገር ልንገራችሁ። የሚረሳ ሰው ሁሉ የማይድን ሕመም አለበት ማለት አይደለም። የቫይታሚን ቢ-12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከም፣ ከመውደቅ በኋላ በራስ ቅል ውስጥ የተጠራቀመ ደም፣ ሥር የሰደደ ቂጥኝ፣ ኤች.አይ.ቪ.፣ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት፣ የአንዳንድ መድኃኒቶች ጉዳትም ሰውን የረሳ ያስመስሉታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሕክምና አላቸው። ስለዚህ ሩቅያም ዱዓም እናደርጋለን፤ በሽተኛውን ሐኪም ዘንድ መውሰድንም አናዘገይም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ታክመዋል፤ ታከሙም ብለዋል። «ሲሕር ነው» ስንል የምናባክነው አንድ ዓመት ሊድን የሚችለውን ሕመም ወደማይድን ሊለውጠው ይችላል።

ዘር እንዴት ይወረሳል?

በሰውነታችን ሕዋሶች ውስጥ አካላችን እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝ ረጅም ጽሑፍ አለ እንበል። ይህ ጽሑፍ ክሮሞሶም በሚባሉ 46 ጥቅሎች ተከፋፍሎ ተቀምጧል፤ 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት የመጡ ናቸው። አንዱን ነገር የሚያዘው የጽሑፉ ክፍል ዘረ-መል ይባላል። ስለዚህ አብዛኛው ዘረ-መል በሁለት ቅጂ አለን ማለት ነው።

ቁርኣን የቀራ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ልጅ በሎሑ ላይ ሲጽፍ ከ«ባ» በታች ያለችውን አንዲት ነጥብ ወደ ላይ ቢያወጣት ፊደሉ ሌላ ይሆናል፤ ቃሉም ይለወጣል። በዘረ-መልም እንዲሁ የአንዲት ፊደል መሳሳት አንዳንዴ ምንም አያመጣም፤ አንዳንዴ ግን ትልቅ ሕመም ታስከትላለች።

አንዳንድ ሕመሞች የሚመጡት ሁለቱም ቅጂዎች ሲሳሳቱ ብቻ ነው። በሌሎች ሕመሞች ግን ከእናት ወይም ከአባት የመጣ አንድ የተሳሳተ ቅጂ ይበቃል። በቤተሰብ የሚተላለፉት የመርሳት ሕመሞች በአብዛኛው የዚህ የሁለተኛው ዓይነት ናቸው። አባት አንድ ትክክለኛና አንድ የተሳሳተ ቅጂ ካለው ለእያንዳንዱ ልጅ የሚሰጠው ከሁለቱ አንዱን ነው። ሳንቲም ወርውሮ ዘውድ ወይም ጎፈር እንደማውጣት ነው። ልጁ የመውረሱ ዕድል 50 በመቶ፣ ያለመውረሱም 50 በመቶ ነው።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱባቸው ነጥቦች አሉ። «ታላቄ ስለወረሰው እኔ ድኛለሁ» ማለት ትክክል አይደለም፤ ሳንቲሙ ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ አዲስ ይወረወራል። «አባቴን ስለምመስል የእሱ ሕመም የእኔ ነው» ማለትም ስሕተት ነው፤ የመልክ መመሳሰል ስለዚህ ዘረ-መል ምንም አይናገርም። ደስ የሚለው ደግሞ የተሳሳተውን ቅጂ ያልወረሰ ሰው ለልጆቹ አያስተላልፈውም። በእሱ በኩል የዘር ሐረጉ ከዚያ ሕመም ነጻ ወጣ ማለት ነው።

የሚያስከትለውና የሚያጋልጠው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የሰውን ልብ የሚያሸብረው እነዚህን ሁለት ነገሮች መቀላቀል ነው።

የመጀመሪያው ሕመሙን በቀጥታ የሚያስከትል ዘረ-መል ነው። ለአልዛይመር የታወቁት ሦስት ናቸው። አንደኛው ኤፒፒ የሚባለው ሲሆን በ21ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል፤ በሽታ አምጪ ለውጡ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ሁለቱ ደግሞ ፕሪሰኒሊን አንድና ፕሪሰኒሊን ሁለት ሲሆኑ የተገኙት በ1995 ነው። ከእነዚህ በአንዱ ላይ በሽታ አምጪ ስሕተት የወረሰ ሰው ዕድሜ ከሰጠው በሕመሙ መያዙ የማይቀር ነው ለማለት ይቻላል። ሕመሙም ከ65 ዓመት በፊት፣ ብዙ ጊዜ በ40ዎቹና በ50ዎቹ፣ አንዳንዴም በ30ዎቹ ይጀምራል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ከአልዛይመር ታማሚዎች ሁሉ በዚህ መንገድ የወረሱት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። የፊትና የጎን አንጎልን የሚያጠቃው ዓይነት ከዚህ ይልቅ በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ባሕርይ አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታወቀ አንድ ዘረ-መልማ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በአንዱ የጠባይ ለውጥ፣ በሌላው የጡንቻ መድከምና መክሳት ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛው የሚያጋልጥ እንጂ የማያስከትል ዘረ-መል ነው። ከሁሉ የታወቀው አፖኢ የሚባለው ሲሆን ሦስት ዓይነት አለው። አፖኢ አራት የሚባለውን ዓይነት የያዘ ሰው ካረጀ በኋላ በአልዛይመር የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ይጨምራል፤ ሁለት ቅጂ ያለው ደግሞ ይበልጥ ይጨምራል። ሆኖም አፖኢ አራት ኖሯቸው እስከ እርጅና አእምሯቸው ሳይነካ የኖሩ ብዙ ናቸው፤ ሳይኖራቸው የታመሙም ብዙ ናቸው። ይህ ዘረ-መል በአፍሪካውያን ዘንድ በብዛት የሚገኝ ቢሆንም ሕመሙን የማስከተል ኃይሉ ከአውሮፓውያን ይልቅ በአፍሪካውያን ላይ ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። በናይጄሪያ ኢባዳን ከተማ ለዓመታት የተካሄደው ጥናት ካሳወቃቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

አሜሪካ ያለው የአጎቱ ልጅ «ተገኘብኝ» ያለው ይህንኑ አፖኢ አራትን ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሐኪም ሳያዝ በቤት ምራቅ ሰብስቦ በፖስታ በመላክ ስለዚህ ዘረ-መል ውጤት ማግኘት ተፈቅዷል። ልጁ ውጤቱን በስልኩ ላይ ብቻውን አነበበ፤ አጠገቡ የሚያስረዳው ሰው አልነበረም። የሰማው ግን የአጎቱን ዓይነት ፍርድ ነበር። በእውነቱ ያ ውጤት በ50 ዓመት ስለጀመረ የአጎት ሕመም የሚናገረው ነገር የለም። መኖሩ ፍርድ አይደለም፤ ባይኖርም ዋስትና አይሆንም። ያለ መካሪ የተነበበ ወረቀት ሰውን ከበሽታው በፊት ሊያሳምመው ይችላል።

ከኮሎምቢያ ተራሮች የምንማረው

በደቡብ አሜሪካ፣ በኮሎምቢያ፣ አንጾኪያ በሚባል ክፍለ ሀገር ተራራማ መንደሮች ውስጥ ሰዎች ገና በጎልማሳነታቸው የሚረሱባቸው ቤተሰቦች ነበሩ። ሰዉ ሕመሙን «ሞኝነቱ» ይለው ነበር። አንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው አንድ የተለየ ዛፍ የነካ ሰው ይይዘዋል ይላል። የእኛን «ሲሕር ነው» አይመስልምን? ፍራንሲስኮ ሎፔራ የሚባል የነርቭ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከመንደር መንደር እየዞረ የእነዚህን ሰዎች የዘር ሐረግ መዘገበ። በኋላ ሕመሙ በፕሪሰኒሊን አንድ ላይ ከአንድ የሩቅ ቅድመ አያት የመጣ የአንዲት ፊደል ስሕተት መሆኑ ታወቀ። የዘመዳሞቹ ብዛት 6 ሺህ ገደማ ሲሆን ስሕተቱን የወረሱት ወደ 1 ሺህ 200 ይገመታሉ። የወረሱት ሰዎች መርሳት የሚጀምራቸው በአማካይ በ44 ዓመታቸው ግድም ነው። ሐኪሙ እስከሞተበት እስከ 2024 ድረስ ከእነዚህ ቤተሰቦች ጋር ሠራ።

እ.ኤ.አ. በ2013 በእነዚህ ቤተሰቦች ውስጥ ሕመሙን አስቀድሞ ይከላከል እንደሆነ አንድ መድኃኒት መሞከር ተጀመረ። 252 ሰዎች ተሳተፉ። ከእነዚህ ውስጥ 83ቱ ስሕተቱን ያልወረሱና መድኃኒት የማያስፈልጋቸው ነበሩ። ታዲያ ለምን ገቡ? የተመረጡት የወረሱት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ለሙከራው መጠራት በራሱ «ወርሰሃል» ብሎ መንገር ይሆን ነበርና ነው። ያልወረሱት መድኃኒት ያልሆነ መርፌ እየተወጉ ዓመታት ተመላለሱ፤ ይህም ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው ሳይፈልጉ ምሥጢራቸው እንዳይገለጥ ነው። በ2022 በወጣው ውጤት መድኃኒቱ እንደታሰበው አልሠራም። ያ አደራ ጥበቃ ግን ለዓለም ትምህርት ሆኖ ቀረ። የሰውን የዘር ነገር ማወቅ አማና ነው፤ አለማወቅን የመረጠ ሰውም ምርጫው ይከበርለታል።

ከዚያው ቤተሰብ ሌላም አስገራሚ ነገር ተገኘ። አንዲት ሴት ስሕተቱን ወርሳ ሳለ በ40ዎቹ ይጠበቅ የነበረው ሕመም እስከ 70ዎቹ ድረስ አልያዛትም። በ2019 በታተመው ጥናት መሠረት በአፖኢ ዘረ-መሏ ላይ ከሁለቱም ወላጆቿ የወረሰችው ሌላ ብርቅ ለውጥ ሳይጠብቃት አልቀረም። ሳይንስ «አይቀርም» ባለው ነገር ውስጥ እንኳ እርሱ ያላወቀው አለ። ሁሉን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

የዘር ምክር ምንድን ነው?

የዘር ምክር ማለት ስለ ሕመሙና ስለ ዘረ-መል የተማረ ባለሙያ ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያስረዳበትና የሚያደምጥበት አገልግሎት ነው። መካሪው «ተመርመር» ወይም «አትመርመር» አይልም፤ ሰውየው ራሱ አውቆ እንዲወስን ይረዳዋል።

ይህ አሠራር የተማረው በአብዛኛው ከሀንቲንግተን በሽታ ነው። እርሱም የአካል እንቅስቃሴን አበላሽቶ አእምሮንም የሚጎዳ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ በ50 በመቶ ዕድል የሚተላለፍ ሕመም ነው። ዘረ-መሉ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን በ1994 ጤነኛ ሰው እንዴት መመርመር እንዳለበት ዓለም አቀፍ መመሪያ ወጣለት። በመመሪያው መሠረት ከምርመራው በፊት ምክር፣ በመሐሉ የማሰቢያ ጊዜ፣ ውጤቱ ሲነገር የሚደግፍ ሰው፣ ከዚያም በኋላ ክትትል ያስፈልጋል። የሚገርመው ምርመራው በእጃቸው ሳለ ሥጋት ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሳይመረመሩ መኖርን መርጠዋል። ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ሕመሙን የሚያስቀር መድኃኒት ከሌለ ማወቅ ለሁሉም ሰው ዕረፍት አይሰጥም።

መካሪው አስቀድሞ የሚያነሳቸው ነጥቦች እነዚህ ናቸው፡-

አንደኛ፣ ከሁሉ በፊት የሚመረመረው ጤነኛው ልጅ ሳይሆን የታመመው ሰው ነው። በአባት ላይ የተሳሳተችው ፊደል ከታወቀች ልጅ ያችኑ ይፈለግለታል፤ ካልተገኘችበትም እፎይ ይላል። የአባት ሳይታወቅ ልጅ ተመርምሮ «ምንም አልተገኘም» ቢባል ግን ያ ወረቀት ብዙም አያጽናናም፤ የተፈለገው ሌላ፣ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላልና።

ሁለተኛ፣ የአንዱ ውጤት የሌላውም ነው። ሴት አያቱ የታመሙበት ሰው ተመርምሮ ወርሶ ቢገኝ እናቱም መውረሷ ታወቀ ማለት ነው፤ እሷ ግን ማወቅ አልፈለገች ይሆናል። ስለዚህ ከቤተሰብ ጋር መመካከር ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ በአዋቂነት ለሚመጣና አሁን መከላከያ ለሌለው ሕመም ሕፃናት አይመረመሩም። ልጁ አድጎ ራሱ ይወስን። አባት የልጁን የነገ ፍርሃት ዛሬ ሊገዛለት አይገባም።

አራተኛ፣ ውጭ ሀገር ያሉ ዘመዶቻችን ከመመርመራቸው በፊት ስለ ኢንሹራንስ ይጠይቁ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሕግ የጤና ኢንሹራንስና ቀጣሪዎች በዘረ-መል ውጤት ሰውን እንዳያገሉ ይከለክላል፤ የሕይወት ኢንሹራንስን ግን አይመለከትም።

ታዲያ የሚመረመሩት ለምን ይመረመራሉ? አንዱ በጥርጣሬ መኖር ከማወቅ ይልቅ ስለከበደው ነው። ሌላው ዕዳውን፣ ንብረቱንና የልጆቹን ጉዳይ በጊዜ ለማስተካከል ነው። ሌላው ልጅ ስለመውለድ ለመወሰን ነው፤ በዚህ ላይ የሕክምናው አማራጮች የፊቅህ ጥያቄ ስላለባቸው ከሐኪምም ከዓሊምም ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ሁሉም ተቀባይነት ያለው ምክንያት ነው። አልመረመርም ያለውም ደካማ ኢማን ያለው አይደለም፤ የተመረመረውም ከቀደር የሸሸ አይደለም። ቀደር ማለት የሚያስፈልገንን ሠርተን ውጤቱን ለአላህ መተው ነው።

ኒካሕንና ምሥጢርን በተመለከተ

«የአክስትና የአጎት ልጆች እየተጋቡ ነው ይህ የመጣው» ሲባል ሰምቻለሁ። የሥጋ ዘመዶች ሲጋቡ የሚጨምረው ሁለት የተሳሳቱ ቅጂ የሚፈልጉ ሕመሞች ናቸው። ሳውዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከኒካሕ በፊት እንዲመረመር ያዘዘችው የሲክል ሴልና የታላሲሚያ የደም በሽታም የዚህ ዓይነት ነው። ከላይ የጠቀስናቸው የመርሳት ሕመሞች ግን አንድ ቅጂ ስለሚበቃቸው ባዕድ ያገባም ዘመድ ያገባም እኩል ያስተላልፋል። ስለዚህ በአባትና በእናት ጋብቻ ላይ ጥፋት አንጫን።

የእህቱስ ነገር? በኒካሕ ማታለል ሐራም ነው፤ ያለ ፈቃድ የሰውን ምሥጢር መዝራትም ሐራም ነው። ሁለቱን አብረን እንያዝ። የአባት ሕመም የሠፈር ወሬ ከሆነ በኋላ መካድ ጥርጣሬን ያብሳል እንጂ አይጠቅምም። ከልቡ ለሚጠይቅ፣ ለማግባት ለቆረጠ ሰው «አባታችን በዚህ ዕድሜያቸው መርሳት ጀምሯቸዋል፤ በዘር ይሁን አይሁን አልታወቀም» ብሎ እውነቱን በልኩ መናገር በቂ ነው። ያልታወቀውን እንደታወቀ ማውራት ውሸት ነው። ሽማግሌዎችም ብንሆን አላህን እንፍራ፤ «በዘራቸው አለ» የሚል አንድ ቃል የአንዲትን ልጅ ዕድሜ ሊበላ ይችላል። ለመሆኑ ከእኛ መሐል ዘሩ ከሕመም ሁሉ የጠራ ማን ነው?

እኛ ምን እናድርግ?

በሀገራችን የዘር ምክር በየሆስፒታሉ የሚገኝ አገልግሎት አይደለም። ቢሆንም እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም።

በመጀመሪያ የሚረሳውን ሰው ሐኪም፣ ቢቻል የነርቭ ወይም የአእምሮ ሐኪም ይየው። ቀጥሎ የቤተሰቡን ሐረግ እንጻፍ፤ ይህ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚፈልገው። አያቶችን፣ አጎቶችንና አክስቶችን ሁሉ አስፍሩ። ማን ረሳ? በስንት ዓመቱ ጀመረው? በመርሳት ነው ወይስ በጠባይ ለውጥ? የጡንቻ መድከም ወይም በወጣትነት ስትሮክ የደረሰበት አለ? ማንስ በወጣትነቱ በሌላ ምክንያት ሞተ? የመጨረሻዋን አትዝለሏት፤ ሕመሙ ሳይደርስበት የሞተ ሰው ሐረጉን ሊያሳስት ይችላልና። እኛ ሙስሊሞች ለሚራስ ስንል ዘር መቁጠር እናውቅበታለን፤ ለጤናም እንቁጠረው። በሐረጉ ላይ ከ65 ዓመት በፊት የታመሙ ሰዎች በተከታታይ ትውልድ ከታዩ የዘር ነገር ይጠረጠራል። አንድ አያት በ80 ዓመታቸው መርሳታቸው ግን ቤተሰቡን ሊያሸብር አይገባም።

ሦስተኛ፣ የታመመው ሰው አእምሮው ገና ሳለ አማናውን እንዲያስተካክል እርዱት። ያለበት ዕዳና ያበደረው ገንዘብ ይጻፍ፤ ወሲያ ካለው በምስክር ፊት ይናገር፤ ንብረቱን ማን እንደሚጠብቅለት ይወስን። አእምሮው ከሄደ በኋላ የሚያስፈርሙት ወረቀት በልጆች መሐል ጠብ ይተክላል። አእምሮውን ለሳተ ሰው ብዕር ተነስቶለታል፤ ስለዚህ ሶላት ረሳ ብለን አንጩህበት።

አራተኛ፣ በእጃችን ያለውን እንጠብቅ። ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የባለሙያዎች ጥናት 14 ነገሮች ቢስተካከሉ በዓለም ካለው የመርሳት ሕመም 45 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ያልታከመ የመስማት ችግር፣ የራስ ቅል ጉዳት፣ ብቸኝነትና የትምህርት ማጣት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። አፖኢ አራት አለብኝ ብሎ የሚያለቅስ ሰው ግፊቱን ካልተለካ የሚችለውን ትቶ በማይችለው እየተጨነቀ ነው።

መጨረሻ

ወንድማችን ከተነጋገርን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዞ መጣ። የዘር ሐረጋቸውን ጽፎታል። የአባቱ ወንድሞችና እህቶች ሰባት ናቸው፤ አምስቱ ከ70 ዓመት አልፈው አእምሯቸው ደህና ነው። ስለ ወንድ አያቱ የሚታወቀው ግን በወጣትነታቸው በአደጋ መሞታቸው ብቻ ነው። ሐኪሙ አይቶ «በዚህ ብቻ በዘር ነው አይደለም ማለት አይቻልም፤ አሁን ግን አባትህን በደንብ እንከታተል» ብሎታል።

«ታዲያ ልትመረመር ነው?» አልኩት።

«አሁን አይደለም ኡስታዝ» አለኝ። «አባቴ እኔን እያወቀኝ ያለበት ጊዜ ይህ ነው። ስለራሴ ፍርሃት ሳስብ እንዳያልፈኝ። ወረቀቱን ለልጆቼ አስቀምጣለሁ፤ እነሱ ሲያድጉ ዕውቀቱም ያድግ ይሆናል።» ለአሜሪካው ልጅም ደውሎ የአፖኢን ነገር አስረድቶታል። እህቱ ገና አላገባችም፤ ስለ አባቷ ሲጠየቁ ግን ከእንግዲህ አይደብቁም።

እኔ ይህን ውሳኔ ለሁሉም ሰው ልክ ነው አልልም። ሌላው ተመርምሮ ይረጋጋ ይሆናል። የምለው አንድ ነው፤ ፍርሃትና ወሬ አይወስኑልን። አስቀድመን እንጠይቅ፣ እንረዳ፣ እንመካከር፤ ከዚያ ወስነን በአላህ ላይ እንመካ። የረሳንን አባት ደግሞ እኛ አንርሳው። እርሱ ስማችንን ባያስታውስም በሕፃንነታችን አንድን ነገር መቶ ጊዜ ስንጠይቀው ሳይሰለች መልሶልናልና።

አላህ የታመሙትን ያሽር፣ ለሚያስታምሙት ሰብርና አጅር ይስጥ። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።